የማሴሩዋ መርዶ

እኛ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች አፍሪካን በደንብ እናውቃለን ብለን እናምናለን። የአህጉሩ መሪዎች ከተማችን በተሰበሰቡ ቁጥር መንገድ እየተዘጋብን በእግራችን ስንኳትን ኖረናል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ዕውቀት ይመጣል? የባንዲራዎቹን ቀለም በየመብራት ምሰሶው አይተናል፤ የመኪኖቹንም ጥቁር መስታወት አይተናል። ስለዚህ እዚህ ሚኒሶታ ቤዝመንታችንን ልትከራይ የመጣችው ሴት «ከማሴሩ ነኝ» ስትል ባለቤቴ ቅንጣት ሳያመነታ «አውቃታለሁ፤ ቆንጆ ከተማ ናት» አላት። ወደ ላይ ወጥተን በሩን እንደዘጋን ወደኔ ዞሮ «የት ነው ደግሞ እሱ?» አለኝ።

ማሴሩ የሌሶቶ ዋና ከተማ መሆኗን የነገረችን ራሷ ናት። ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ትንሽ ተራራማ አገር ናት። ይሄ ለባለቤቴ አልዋጥለት አለ። «አገር እንዴት ሆኖ ነው አገር ውስጥ የሚሆነው?» እያለ አላስቀምጥ አላት። «እንደኔ ነዋ» አለችው በመጨረሻ፤ «እናንተ ቤት ውስጥ ሆኜ የራሴ በርና የራሴ ምድጃ አለኝ አይደል?» ከዚያ ወዲያ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይቺን አባባል የራሱ ፈጠራ አስመስሎ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

ሥራዋ እንደኔው ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት። የምንሠራበት ቦታ ግን የተለያየ ነው። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ባለው ቤታችን እሁድ ከሰዓት ወደ ላይ ወጥታ ከኔ ጋር ስትቀመጥ ስለ ከተማዋ ታወራልኛለች። አንድ ዋና መንገድ አለ፤ የከተማው ሰው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚተያየው። የሣር ባርኔጣ ቅርጽ ያለው ሕንፃ አለ። ወዲያ ዝቅ ሲባል ወንዝና ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ሌላ አገር። ሰው ፓስፖርቱን ይዞ ለገበያ ይሻገርና ለምሳ ቤቱ ይመለሳል። በክረምት ተራራው በረዶ ይለብሳል፤ ሰዉም ወፍራም ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። እሷም ጥር ወር ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ከጃኬቷ በላይ ብርድ ልብሷን ደርባ ትቆማለች። እኛ ስንንቀጠቀጥ እሷ ምንም አትልም፤ በዚህ ትንሽ እንቀናባት ነበር።

በአካባቢው ያለነውን አበሾች ሁሉ በእናትነት የሚያስተዳድሩ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፤ እማማ እንላቸዋለን። ብርድ ልብሱን አይተው «ጋቢን ከኛ ነው የወሰዱት» ብለው ፈረዱ። አገሯ እስካሁን ንጉሥ እንዳላት ሲሰሙ ደግሞ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ንጉሡ የሚመጣ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሴሩዋ የኛ ሆነች። ሠርግ ጠራናት፣ ክርስትና ጠራናት፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት የእድር አባል አደረግናት። የአገሯ ሰው በአቅራቢያዋ የለም። እኛ አለንላት ብለን ደረታችንን ነፋን።

የመጋቢት በረዶ ገና ሳይቀልጥ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር ነው። ለመሳደብ ተዘጋጅቼ አነሳሁት። ወንድሟ ነበር፣ ከማሴሩ። ደጋግሞ ደውሎ አላነሳ ስላለችው ነው ወደኔ የደወለው፤ «እኔን ስታጡ ለሷ ደውሉ» ብላ ቁጥሬን ሰጥታው ኖሯል። እናታቸው በዚያን ቀን ጠዋት ማረፋቸውን ነገረኝ። ድምፁ ዝግ ያለና ጨዋ ነው። «እባክሽ ዛሬውኑ ንገሪያት» አለኝ። «ለብቻዋ እንዳትሆን፤ አንቺ ከአጠገቧ አትጥፊ። እሷ ሳትመጣ እናታችንን አንቀብርም። የምትመጣበትን ቀን እስክትነግረን ነው የምንጠብቀው።»

ስልኩን ዘጋሁት። በኛ ወግ ዛሬ የሞተ ነገ ይቀበራል፤ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ እንደማይደርስ ስለሚታወቅ ቀስ ተብሎ፣ ተዘጋጅቶ ይነገረዋል። ማሴሩ ግን ይጠብቃል። ቀብራቸው ቅዳሜ ነው፤ የዚህ ሳምንት ቅዳሜ ካልደረሰ የሚቀጥለው፣ እሱም ካልሆነ የዚያኛው። አንዲት ልጅ ከዓለም ጫፍ እስክትመጣ ድረስ ዘመድ አዝማድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይሄንን እሁድ እሁድ ስታወራኝ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ እንዳለው ገብቶኛል። ከሥራ እንደገባች ልነግራት ወስኜ፣ እዚያው ልጠብቃት ወደ ቤዝመንቱ ደረጃ ሳመራ ባለቤቴ ገባና «ምን ሆነሻል?» አለኝ። ነገርኩት።

ባለቤቴ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሆኖ ቃል የማይተነፍስ ሰው ነው። የእድራችን ሰብሳቢም ነው። ሰው ሞተ ሲባል ያ ዝምታ ለቆት ይሄዳል፤ ትከሻው ይሰፋል፣ ድምፁ ይወፍራል። «ቁሚ!» አለኝ እጁን ዘርግቶ። «እንዲህ በባዶ እጅ መርዶ አለ እንዴ? ወድቃ ብትሰበርብሽስ? ሰው ልትገይ ነው እኮ አንቺ ሴትዮ!»

መርዶ ደንብ አለው፤ አልክድም። በስልክ አይነገርም። ማታ አይነገርም፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሥራ ቦታ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ፣ የቅርብ ዘመድ ከፊት ሆኖ፣ ራሷን ከጣለች የሚይዝ ጉልበተኛ ቆሞ ነው የሚነገረው። አገር ቤት ይሄ ሁሉ ዝግጅት በአንድ ሌሊት ያልቃል። ሚኒሶታ ሲደርስ ግን ሌላ ደንብ ተጨምሮበታል፤ መርዶ ነጋሪዎቹ ሁሉ ዕረፍት የሚሆኑበት ቀን መሆን አለበት።

የዚያን ዕለት ማታ የእድሩ ኮሚቴ በስልክ ተሰበሰበ። ባለቤቴ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንደ ሚኒስትር ይመራ ነበር።

«ሐሙስ እኔ ደብል ሺፍት ነኝ» አለ አንዱ።

«ዓርብ ኦቨርታይም ወስጃለሁ፤ ካንስል ባደርግ ሱፐርቫይዘሬ አይለቀኝም» አለች ሌላዋ።

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ኦፍ ነኝ።» «እኔም ኦፍ ነኝ።» «ቅዳሜ ጠዋት ይመቻል።»

በቃ፤ ጸደቀ። እናቷ ረቡዕ የሞተባት ሴት ቅዳሜ እንድታዝን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

«ወንድሟ ዛሬውኑ ንገሪያት ብሎኛል!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ማሴሩ ቀብሩን አቁመው እየጠበቋት ነው። የምትሄድበትን ቀን መናገር አለባት።»

«የኔ ልጅ» አሉ እማማ በስልኩ ውስጥ፣ «ሰው ሲያዝን እንዲህ ይላል። ሬሳ እስከ መቼ ይጠበቃል? እስካሁን ቀብረዋታል።»

«እነሱ ጋ ይጠበቃል፣ እማማ።»

«ማሴሩ ፍሪጅ ናት እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሌላው ሳቀና ወዲያው ሐዘን መሆኑ ትዝ ብሎት ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ። የቅርብ ዘመድ ከፊት መቆም አለበት፤ ይቺ ሴት ግን እዚህ ዘመድ የላትም። «ለማሴሩ የሚቀርብ ማን አለ?» «ማሴሩን የሚያውቅ አለ?» «ማሴሩ የኖረ?» እየተባባሉ የከተማዋን ስም ለአንድ ሰዓት ያህል ሲጠሩት አመሹ። በመጨረሻ ኤደን ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ በደቡብ አፍሪካ በኩል አድርጎ የመጣ አንድ ልጅ ተገኘ። ማሴሩ ሱቅ ውስጥ ሠርቷል። ዘመድ እሱ እንዲሆን ተወሰነ።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ሥራ ከመሄዱ በፊት የቤቱን ኢንተርኔት ነቀለ። ከማሴሩ መልእክት እንዳይደርሳት ነው። ትልቋ ልጄ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ጩኸቷ ተሰማ። «መንግሥት እንዲህ ቢያደርግ አንተ ሰላማዊ ሰልፍ ትወጣ ነበር እኮ!» አለችው በእንግሊዝኛዋ። አባቷ ስለ ባህል ረዘም ያለ ንግግር አደረገላት። ኢንተርኔቱን ግን አልሰካውም።

የማሴሩዋ በዚያን ቀን ሥራ አልሄደችም። ባለቤቴ ከአውቶቡሱ ደውሎ ይሄንን ሲሰማ ደስ አለው። «እግዜር ከኛ ጋር ነው» አለ፤ «ሥራ ቦታ ማንም አይነግራትም ማለት ነው።» ረፋድ ላይ ከሥር የአልጋ መጎተት ድምፅ መጣ፤ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ተሳበ፣ ግድግዳ መታ፣ ጸጥ አለ። ለባለቤቴ ስነግረው «ቤት እያጸዳች ነው፤ ምንም አልጠረጠረችም» አለኝ። ኮሚቴውም ዜናውን በደስታ ተቀበለ።

እኔ ግን አላስችል አለኝ። ምስርና ሩዝ ሠርቼ ሳህኑን ይዤ ወረድኩ። እነግራታለሁ፤ ኮሚቴው ገደል ይግባ ብዬ ነው የወረድኩት። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ብርድ ልብሷን ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል። ጉንፋን ይሆናል አልኩ ለራሴ፤ ሰው ማመን የሚፈልገውን ለማመን መቼም አይሰንፍም። ሳህኑን ተቀበለችኝ። እዚያው ቆማ ብዙ አየችኝ።

«ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አለችኝ በቀስታ።

የባለቤቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ብትወድቅስ? ለብቻዬ ምን አደርጋታለሁ? በቀን ስንት ሽማግሌ ከመሬት የማነሳ ሴት አንዲት የምትወድቅ ሴት ፈራሁ።

«ጨው ካነሰው ንገሪኝ» አልኳት።

«እሺ» አለችና በሩን ዘጋችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የኤደን ፕሬሪው ልጅ ለልምምድ መጣ። ልምምድ የምለው ቀልድ አይደለም፤ ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ወንበር ደርድሮ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ ያሰለጥን ነበር። ልጁ ትሁት ነው፤ ባለቤቴን ጋሼ፣ እኔን እትዬ ይላል።

«ማሴሩን በደንብ ታውቃታለህ አይደል?» አለው ባለቤቴ።

«እንዴታ ጋሼ። ዓመት ከምናምን ኖሬባታለሁ።»

«ምን ዓይነት ከተማ ናት?»

ልጁ አሰበ። «እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ ከሱቁ ብዙም አልወጣሁም። ለሌባ ተብሎ ፊት ለፊቱ በሙሉ የብረት ፍርግርግ ነው። እዚያ ውስጥ ተቆልፎብኝ እሸጣለሁ፤ እዚያው እተኛለሁ። ማሴሩን ያየኋት በፍርግርጉ ነው። እጅ አያለሁ፤ እጁ ሻማ ይላል፣ ስኳር ይላል፣ ክብሪት ይላል። አንዳንዴ ፊትም አያለሁ።»

«ቋንቋቸውስ?»

«ዱሜላ እላለሁ። ሰላምታ ነው።»

«ሌላ?»

«መልስ የለም የሚለውንም አውቀው ነበር፤ ረስቼዋለሁ።»

ባለቤቴ በቂ ነው አለ። ዱሜላን ራሱም አብሮ ተለማመደ። «መጀመሪያ አንተ ዱሜላ ትላታለህ፤ የአገሯን ቃል ስትሰማ ልቧ ይረጋል። ቀጥዬ እኔ እናትሽን ትንሽ አሟቸው ነበር እላለሁ። ከዚያ እያጠበቅን እንሄዳለን።» ልጁ እሺ አለ። እኔ ከጋራዡ ወጥቼ በረዶው ላይ ቆምኩ። አንድ ቤተሰብ ከውቅያኖስ ማዶ የቀብር ቀን ለመቁረጥ የአንዲት ሴት ቃል ይጠብቃል፤ እኛ ጋራዥ ውስጥ ቲያትር እናጠናለን።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መኪኖቹ መንገዳችንን ሞሉት። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጃኬት ደርቦ፣ በረዶውን እየረገጠ መጣ። የታሸገ ውኃ በካርቶን በካርቶን ተራገፈ። ንፍሮ መጣ፣ የወረቀት ሳህን መጣ፣ ትርፍ ወንበር መጣ። ውሻውን ሊያናፍስ የወጣው ጎረቤታችን ቆሞ አየንና ያገለገለ ዕቃ የምንሸጥ መስሎት «ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አለኝ። ሐዘን ነው አልኩት። ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

በጎን በኩል ወዳለው የቤዝመንቱ በር ተሰለፍን። ከፊት የኤደን ፕሬሪው ልጅ፣ ቀጥሎ ባለቤቴ፣ ቀጥሎ እማማ፣ ግራና ቀኝ ለመያዝ የተመደቡት ሁለት ጎልማሶች። ባለቤቴ እጁን ለማንኳኳት ሲያነሳ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ብርድ ልብሷ ከላይ ነው። ከኋላዋ አልጋው ግድግዳውን ታክኮ ቆሟል፤ ፍራሹ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ የተቃጠለ ሻማ አለ። በሩ ሥር ሻንጣዋ ተዘጋጅቷል።

«ዱሜላ» አለ ልጁ። ከዚያ በላይ አልነበረውም።

ሰላምታውን በቋንቋዋ መለሰችለት። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እህታችን፣ እናትሽን ትንሽ አሟቸው ነበር...» ሲል በእንግሊዝኛ ጀመረ።

«እናቴ ረቡዕ ሞታለች» አለች።

ሊይዟት የተዘጋጁት ሁለት ጎልማሶች እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። እሷ አልወደቀችም። የወደቁት እማማ ናቸው። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ያለ ዘመድ!» ብለው ኡኡታቸውን ለቀቁት፤ ሁሉም ወደሳቸው ተሯሯጠ። የማሴሩዋ ሰዉን ገፋ አድርጋ ገባችና ብብታቸውን ይዛ አነሳቻቸው፤ እንደ ሥራችን አያያዝ ነው የያዘቻቸው። ፍራሿ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ካመጣነው ውኃ ከፍታ አጠጣቻቸው። «አይዞዎት» አለቻቸው በአማርኛ፤ ያን ያህል ታውቃለች።

አውሮፕላኗ በጠዋት ነው። ታክሲ ጠርታ ነበር፤ እኔ ነኝ የማደርሳት ብዬ ሻንጣዋን ከእጇ ነጠቅኩ። ባለቤቴ በመኪና ሰልፍ እንሸኛት አለ። ዞሬ ሳየው ያወጣውን የመኪና ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

አውራ መንገዱ ላይ ወጣን። ኋላ እኔው ጀመርኩ። «መቼ ሰማሽ?»

«ረቡዕ ማታ። ወንድሜ የሥራ ቦታዬን ቁጥር ፈልጎ አገኘኝ። ትኬቱን የቆረጥኩትም የዚያኑ ዕለት ነው፤ ለዛሬ ነው የተገኘው። ቀብሩ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው ብለው ወስነዋል።»

እፎይ አልኩ። ደርሳ ትቀብራለች ማለት ነው። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ወንድሜ ለአከራይሽ ነግሬያታለሁ፣ ቤት ስትገቢ ትጠብቅሻለች አለኝ። ስገባ መብራታችሁ በርቷል። በስልክ ስታወሩ ከጣራው በላይ ይሰማኛል። የምትሉት አይገባኝም፤ ማሴሩ ማሴሩ ስትሉ ግን እሰማለሁ። ስለ እናቴ እያወሩ ነው፣ አሁን ይወርዳሉ አልኩ። አልወረዳችሁም። በነጋታው አልጋውን ገፋሁት። እኛ ጋ ሐዘንተኛ ሴት ወለል ላይ ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች፤ ሰው መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል። እናንተ ብዙ ስለሆናችሁ ቦታው እንዲበቃችሁ ብዬ ነው።»

«ለምን አልጠራሽኝም?» አልኳት።

«ሐዘንተኛ ተነስታ ሰው አትጠራም» አለች። «ምግብ ይዘሽ ስትመጪ በቃ መጣች አልኩ።»

ደንባችንን ላስረዳት ሞከርኩ። ጎህን፣ ዘመድን፣ መውደቅን አልኩ። የሥራ ሺፍት የሚለውን ዘለልኩት። ጨዋ ናት፤ ገባኝ አለች።

አየር ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዋን ሳወርድ እጄን ያዘችኝ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ኋላ ከሌላ ሰው ብትሰሚው እንዳይገርምሽ። ወንድሜ ጠዋት ማታ ይደውል ነበር። ሴትየዋ አጠገብሽ ናት ወይ ይለኛል። አዎ፣ እዚህ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች እለዋለሁ። ለብቻዋ ናት ብለው እንዳይጨነቁ ነው። የራሳቸው ሐዘን ይበቃቸዋል።» አቀፈችኝና ገባች። ከኋላዬ መኪኖች ጥሩምባ ይነፉብኛል፤ እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ለእናቷ ይሁን ለኛ እስካሁን አላውቅም።

ቤት ስመለስ ሰዉ አልተበተነም። ሳሎኔ ውስጥ ተደርድሮ ንፍሮ እየበላ፣ ሐዘንተኛዋ በሌለችበት የተበላ ንፍሮ እንደ ለቅሶ ይቆጠር እንደሆነ ይከራከር ነበር። ይቆጠራል ተባለ። እማማ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው «ጠንካራ ልጅ ናት፤ ጠርጥራ ነበር መሰል» ይላሉ። የኤደን ፕሬሪው ልጅ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ ከመጣ ጀምሮ ሁሉም «እግዜር ያጽናህ» እያለው ነው። ኢንተርኔቱ ተሰክቷል።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ያ የማሴሩ ቁጥር እንደገና ደወለ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበር። ወንድሟ በዚያ ጨዋ ድምፁ ለረጅም ጊዜ አመሰገነኝ። እናታቸው በክብር ተሸኝተዋል። «እኛ እዚህ ብዙ ነን፤ የሚያስጨንቀን የሷ ብቸኝነት ነበር» አለኝ። «ሥራሽን ትተሽ ከሷ ጋር ወለል ላይ መቀመጥሽን፣ አብረሻት ማልቀስሽን ስንሰማ ነው እኛም እንቅልፍ የወሰደን። በቀብሩ ዕለት ታላቃችን ተነስቶ ስለ አንቺ ተናገረ። ማሴሩ ስትመጪ ቤት አለሽ።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እውነቱን ብናገር እሷን ውሸታም ላደርጋት ነው፤ የእነሱንም መጽናኛ ልነጥቃቸው ነው። «ምንም አይደለም» አልኩት። ስልኩ ተዘጋ።

«ማን ነው?» አለኝ ባለቤቴ።

«የማሴሩዋ ወንድም።»

«ምን አለ?»

«አመሰገነ።»

ትከሻው ሰፋ፣ ድምፁ ወፈረ። «አየሽ! እንዲያው ዘለሽ ነግረሻት ቢሆን ማን ያመሰግንሽ ነበር? መርዶ በወጉ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ማሴሩ ድረስ ይሰማል» አለኝና ለእማማ ሊያበስራቸው ስልኩን አነሳ።